ከሃምሳ በላይ፣ ሴት፣ ዜሮ

1

ወይዘሮ ማንአህሎሽ የሞቱት በጊዜው በአግባቡ የጠየቃቸው ሰው ስላልነበረ ነው። ሊያድናቸው ይችል የነበረው መድኃኒት እዚያው ዎርዱ ውስጥ፣ በተቆለፈ ቁም ሣጥን ተቀምጦ ነበር። ቁልፉ አልጠፋም። ሐኪሙም አልጠፋም።

የጠፋው አንድ ቁጥር ነው።


2

ሞታቸውን አስቀድሞ መናገር ታሪክ ማበላሸት ነው የሚል አንባቢ ይኖራል። ይበላሽ። ይድናሉ ብሎ ተስፋ እያደረገ የሚያነብ ሰው ጥያቄዎቹን በደንብ አያይም። እዚህ መታየት ያለባቸው ጥያቄዎቹ ናቸው።


3

ትርሲት ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ሐኪም አይደለችም፤ ነርስም አይደለችም። በሕዝብ ጤና ተመርቃ፣ ከዓባይ ማዶ ባለች አንዲት ከተማ ሆስፒታል፣ ከፋርማሲው ጀርባ በተሰጣት ጠባብ ክፍል ቁጥር ትሠራለች። ወደ ሆስፒታሉ የሚመጣ ሰው ሁሉ፣ እግሩ ይሰበር ዓይኑ ይታመም፣ መቀበያው ላይ ስለ መጠጥ ሦስት ጥያቄ ይጠየቃል። መልሱ ነጥብ ይሆናል። ነጥቡ ከዕድሜና ከጾታ ጋር ሲጋጠም ሰውየው ወደፊት ምን ሊያገኘው እንደሚችል ይናገራል፦ የጉበት በሽታ፣ የደም ግፊት፣ የመኪና አደጋ፣ መጠጥ በድንገት ሲቋረጥ የሚመጣ መንቀጥቀጥና መቃዠት። ይህን ሁሉ በሠንጠረዥ አሰናድታ ለሐኪሞቹ የምትሰጠው እሷ ናት።

ሐኪሞቹ «ጠንቋይዋ» ይሏታል። ሠንጠረዡን ግን ክፍላቸው ግድግዳ ላይ ለጥፈውታል።


4
ሦስቱ ጥያቄዎች

ሀ. የአልኮል መጠጥ በምን ያህል ጊዜ ይጠጣሉ?

ለ. በሚጠጡበት ቀን ስንት መለኪያ ይጠጣሉ?

ሐ. በአንድ ጊዜ ስድስትና ከዚያ በላይ የሚጠጡት በምን ያህል ጊዜ ነው?

እያንዳንዱ መልስ ከዜሮ እስከ አራት ይሰጠዋል። ድምሩ ከዜሮ እስከ አሥራ ሁለት ይደርሳል። ቁጥር ካልገባ፣ መልሱ የሚሞላበት ታብሌት ወደሚቀጥለው ገጽ አያሳልፍም። ለመደመር የሁለተኛ ክፍል ሒሳብ ይበቃል።

የሚከብደው መጠየቁ ነው።


5
ወንድ ሲጠየቅ

ሲስተር የኔነሽ (የመቀበያው ነርስ)፦ ወንድሜ፣ ትጠጣለህ?

ታካሚ (ወንድ፣ 34)፦ ማን? እኔ?

ሲስተር የኔነሽ፦ አይ፣ ግድግዳው።

ታካሚ፦ አልፎ አልፎ።

ሲስተር የኔነሽ፦ አልፎ አልፎ ማለት?

ታካሚ፦ ሥራ በሌለኝ ቀን።

ሲስተር የኔነሽ፦ ሥራህ ምንድነው?

ታካሚ፦ ሥራ የለኝም።

ሲስተር የኔነሽ፦ እሺ፣ ስንት ትጠጣለህ?

ታካሚ፦ እሱን የጋበዘኝ ሰው ነው የሚያውቀው።

ነጥብ፦ አሥር።


6
ሴት ስትጠየቅ

ሲስተር የኔነሽ፦ እማማ፣ መጠጥ አይጠጡም አይደል?

ታካሚ (ሴት፣ 61)፦ እ?

ልጅ (ከጎን ቆሞ)፦ አትጠጣም።

ሲስተር የኔነሽ፦ እሺ። ስልክ ቁጥርህን ስጠኝ።

ነጥብ፦


ዜሮ።


7

ታካሚዋ ወይዘሮ ማንአህሎሽ ናቸው። ከጎናቸው የቆመው አንድ ልጃቸው ደግአረገ ነው።

ወይዘሮ ማንአህሎሽ ከመናኸሪያው ጀርባ አረቄ ያወጣሉ። ተራውን አይደለም፤ ሁለት ጊዜ የሚጣራውን፣ ዳግም የሚባለውን። ሾፌሩም ፖሊሱም ያውቃቸዋል። ባላቸው ሲሞት ደግአረገ ገና ዳዴ ይል ነበር። በዚያው እሳት አሳድገው፣ በዚያው እሳት ዩኒቨርሲቲ ላኩት። ዛሬ የፊዚክስ መምህር ነው፤ ሊያገባም ነው።

ድፍድፍ የሞላ ጋን ሲያነሡ አዳለጣቸውና የጭናቸው አጥንት ተሰበረ። ቀዶ ሕክምናው ተሳካ። ይህ ይመዝገብ፤ አጥንቱ በደንብ ተጋጥሟል።


8

ገና በሥልጠናው ሰሞን ትርሲት ሲስተር የኔነሽን መቀበያው ላይ ይዛት ነበር።

«ጥያቄው እንዲህ አይልም፤ ‹በምን ያህል ጊዜ ይጠጣሉ› ነው የሚለው። እንደተጻፈ አንብቢው።»

«እሺ። እናትሽን እንዲህ ብዬ ልጠይቃት?»

«ጠይቂያት።»

«አባትሽ አጠገቧ ቆሞ?»

ትርሲት ዓይኗን ወደ ታብሌቱ መለሰች።

«አየሽ» አለች ሲስተር የኔነሽ። «ስንፍና አይደለም። አንዲትን እናት ‹ስንት ይጠጣሉ› ካልኩ፣ እንደሚጠጡ አውቄ መጣሁባቸው ማለት ነው። ሰድቤያቸው ልብዎን ላዳምጥ ብል ደረታቸውን ይሰጡኛል? ስለዚህ መልሱን እኔው አቀብላቸዋለሁ። እሳቸው ራሳቸውን መነቅነቅ ብቻ ነው።»

አክብሮት ነው። እውነቷን ነው፤ ንጹሕ አክብሮት። በዚያ ሆስፒታል ከሃምሳ ዓመት በላይ የሆነች ሴት ሁሉ በአክብሮት ዜሮ ተሰጥቷታል።


9
ግድግዳው ላይ የተለጠፈው

መጠጥ በድንገት ሲቋረጥ ለሚመጣ ሕመም የመጋለጥ ዕድል

ወንድ፣ ከ18 እስከ 29፦ መካከለኛ

ወንድ፣ ከ30 እስከ 49፦ ከፍተኛ

ወንድ፣ ከ50 በላይ፦ በጣም ከፍተኛ

ሴት፣ ከ18 እስከ 29፦ ዝቅተኛ

ሴት፣ ከ30 እስከ 49፦ ዝቅተኛ

ሴት፣ ከ50 በላይ፦ የለም*


* ለዚህ ምድብ ክትትል አያስፈልግም።


10
ስለ ኮከቧ

ኮከቧንም ከሥሯ ያለውንም መስመር የጻፈችው ትርሲት ናት። ዩኒቨርሲቲ አንድ ነገር አስተምሯት ከሆነ፣ ሰው ባለበት ቦታ ሁሉም መልስ ዜሮ ሊሆን እንደማይችል ነው። ዜሮዎቹ ከላይ እስከ ታች ተሰልፈው አየቻቸው። የሆነ ነገር ልክ እንዳልሆነ ገባት። ነገር ግን ሪፖርቱ ይፈለግ ነበር፤ መብራትም ሊሄድ ይችላል፤ ሲስተር የኔነሽን መልሶ መጨቅጨቅም አሰልቺ ነው።

ላከችው።


11

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በሦስተኛው ቀን፣ ወይዘሮ ማንአህሎሽ ዶሮ ማባረር ጀመሩ።

«እሽ» ይላሉ። «እሽ። ውጡልኝ ከዚህ።»

አልጋው ላይ ዶሮ የለም። ትራሱ በላብ ርሷል። ዶክተር ናትናኤል አያቸው፤ ሐሳቡም መጥፎ አልነበረም። «ዕድሜ አለ፣ ሰመመን አለ፣ ሕመም አለ። ሳንባቸውም ላይ ኢንፌክሽን ጀምሯል። በዚህ ዕድሜ እንዲህ ይቃዣሉ» አለ።

ትርሲት ዎርዱ የገባችው ደግአረገ የሰጠው ስልክ ቁጥር አንድ አሃዝ ስለጎደለው ነበር። በሩ ላይ ቆማ እጃቸውን አየች። ብርድ ልብሱን ይለቅማል፤ ይለቅማል፤ አንዴም አያርፍም።

እጃቸውን ብቻ አየች።

በቃት።


12
የሰውን እናት እንዴት ትጠይቂያለሽ

ልጁ እስኪወጣ ጠብቂ። ቁርስ ሊያመጣ ሲሄድ ጥሩ ነው።

ጠዋት ሂጂ። ማለዳ ላይ ጥቂት ይነቃሉ፤ ከዚያ ዶሮዎቹ ይመለሳሉ።

ወንበር ሳቢ። ቆሞ የሚጠይቅ ፖሊስ ነው።

ታብሌቱን ከዓይናቸው አርቂው።

«አይደል» አትበይ።

ስንት ብለሽ ጠይቂ። ከዚያ አፍሽን ዝጊ። አንቺን የሚያቅትሽ ይሄኛው ነው።


13

ትርሲት፦ እትዬ ማንአህሎሽ፣ በቀን ስንት ይጠጣሉ?

ማንአህሎሽ፦ የማን ልጅ ነሽ አንቺ?

ትርሲት፦ የዚህ አገር ሰው አይደለሁም። አያውቁኝም።

ማንአህሎሽ፦ እሱስ ደግ ነው።

(ዝምታ)

ማንአህሎሽ፦ አረቄ የምታወጣ ሴት ሳትቀምስ ትሸጣለች? የሰው ዓይን ላጥፋ?

ትርሲት፦ መቼ መቼ ይቀምሳሉ?

ማንአህሎሽ፦ እሳቱ እስካለ።

ትርሲት፦ እሳቱ መቼ ይጠፋል?

ማንአህሎሽ፦ አባቱ ከሞተ ወዲህ ጠፍቶ አያውቅም፣ ልጄ።

ትርሲት፦ ጠዋት ሳይቀምሱ ቢውሉስ?

ማንአህሎሽ፦ እጄ እምቢ ይለኛል። መለኪያውን አይጨብጥልኝም። አንድ ሁለት ስል ይታዘዘኛል።

ትርሲት፦ ይህን ለሐኪሙ ልነግረው ነው።

ማንአህሎሽ፦ ለሐኪሙ ንገሪው። ለደግአረገ እንዳትነግሪው።

ትርሲት፦ ደግአረገ አያውቅም?

ማንአህሎሽ፦ ያውቃል። ተነግሮት ግን አያውቅም።

(ወደ በሩ ያያሉ)

ማንአህሎሽ፦ ዛሬ መሪጌታ ሊጠይቁኝ ይመጣሉ። የሚያገባት ልጅ አባት። እንደምንም እሺ አሰኝተናቸው ነው። አረቄ ሻጭ ናት ሲሏቸው፣ መሸጥ ሥራ ነው አሉ። የምትጠጣ ናት ቢሏቸው ምን ይላሉ? ... ያቺን ዶሮ ያዣት እስቲ። እግርሽ ሥር ናት።


14

«መቼ ነገሩሽ?» አለ ዶክተር ናትናኤል።

«አሁን። ከእሳቸው ነው የመጣሁት።»

«እኔም አሁን ከእሳቸው ነው የመጣሁት። ባለቤታቸው በሩ ላይ ቆሞ እየጠበቃቸው እንደሆነ ነገሩኝ። የሞተ ሰውዬ።»

«ያ መቃዠት ነው። ይሄ መልስ ነው።»

«በምን ልለየው?»

ትርሲት መለየት ያን ያህል የሚከብድ አልመሰላትም። ዶክተሩ ግን ሞኝ አልነበረም፤ ጨካኝም አልነበረም። ችግሩም ይኸው ነው፤ ጨካኝ ቢሆን በእሱ ላይ አሳብቦ መሄድ ይቻል ነበር።

«ዲያዜፓም ስጣቸው ነው የምትይኝ» አለ። «ጠጪ ከሆኑ ያድናቸዋል። ካልሆኑ፣ ይሄ ሳንባ እያለ፣ ለጠጪ በሚሰጥ መጠን ብሰጣቸው ትንፋሻቸውን ያጠፋዋል። የምፈርመው እኔ ነኝ።» ወደ ግድግዳው ዞረ። «ሴት፣ ከሃምሳ በላይ። ምን ይላል? አንብቢልኝ።»

አላነበበችም። በቃሏ ታውቀዋለች።

«ሠንጠረዡ ስህተት ነው።»

«ማነው የሠራው?»

«እኔ ነኝ።»

ቢስቅባት ይሻላት ነበር። አልሳቀባትም። «ልጃቸው ያረጋግጥልኝ» አለ። «አብሯቸው የሚኖር ሰው ነው። አንድ ቃል ከአፉ ልስማ፤ እዚያው አዝዛለሁ።»


15

እዚህ ጋ ትርሲት ቁልፉን ሰርቃ መድኃኒቱን ታወጣለች ብሎ የጠበቀ አንባቢ ይኖራል። አልሰረቀችም። መርፌ መውጋት አትችልም።

ክፍሏ ገብታ ታብሌቱን ከፈተች። ዜሮውን ወደ አሥራ አንድ ልትለውጠው ሞከረች።

የተላከ መረጃ አይታረምም።

ደግማ ሞከረች።

የተላከ መረጃ አይታረምም።

ነርሶች ቁጥር እንዳይነካኩ ብላ ይህን ደንብ ያስገባችውም እሷ ናት።


16

ደግአረገን ኮሪደሩ ላይ አገኘችው። ምሳ ዕቃ ይዟል። የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሷል፤ እንግዳ ስለሚመጣ።

«እናትህ ስለሚጠጡት ነገር ልጠይቅህ ነበር።»

«እናቴ ታጠጣለች እንጂ አትጠጣም።»

«ጠዋት እጃቸው ሲንቀጠቀጥ አይተህ አታውቅም?»

«ብርድ ነው። የኛ ቤት ይበርዳል።»

«እሳት ሲነድ የሚውልበት ቤት?»

ምሳ ዕቃውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወረው። «ይቅርታ፣ አንቺ ዶክተር ነሽ?»

«አይደለሁም።»

«ነርስ ነሽ?»

«አይደለሁም።»

«ታዲያ ምንድነሽ?»

«ቁጥር ነው የምሠራው።»

«ቁጥሩ ስለ እናቴ ምን ይላል?»

ሊዋሽ የሚችል ሰው እዚህ ላይ ይዋሻል። ትርሲት በመዋሸት ጎበዝ ሆና አታውቅም፤ በመጠበቅም እንደዚያው።

«ዜሮ።»

«እንግዲያውስ።»

ሊያልፋት ሲል መንገዱን ዘጋችበት። «ስማኝ። መጠጥ ከሰውነታቸው ሲወጣ ነው እንዲህ ያደረጋቸው። መድኃኒት አለው። ዶክተሩ ካንተ አንድ ቃል ነው የሚፈልገው። ካልተሰጣቸው ይሞታሉ።»

«ሁሉም ይሞታል?»

«ምኑ?»

«እንዲህ የሆነ ሰው ሳይታከም ቢቀር፣ ሁሉም ይሞታል?»

«ሁሉም አይሞትም። በዚህ ዕድሜ፣ ሳንባ ታሞ፣ ከሦስት አንዱ ሊሞት ይችላል።»

ደግአረገ ዓይኑን ግድግዳው ላይ ተከለ። ሒሳብ የሚሠራ ሰው ዓይን ነበረው፤ ታውቀዋለች፤ የራሷም እንዲህ ይሆናል።

«ከሦስት ሁለቱ ይድናሉ ማለት ነዋ» አለ።

«ደግአረገ።»

«መሪጌታ በስምንት ሰዓት ይመጣሉ። ከሄዱ በኋላ እንነጋገር።»


17

ከሄዱ በኋላ ያለው ጊዜ የትርሲት አልነበረም። ዶክተር ናትናኤል በስምንት ሰዓት ተኩል ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ይገባል፤ ከገባ መቼ እንደሚወጣ አይታወቅም። ሌላ ሐኪም የለም።

ይህ ክፍል አጭር የሆነው ሌላ የሚጨመርበት ነገር ስለሌለ ነው።


18

መሪጌታ ጥበቡ ከባለቤታቸው ጋር ብርቱካን ይዘው ገቡ። ትልቅ ሰው ናቸው፤ ድምፃቸው ዝግ ያለ። ወይዘሮ ማንአህሎሽን በስማቸው ጠሯቸው፣ ግንባራቸውን ዳሰሱ።

«እንግዲህ ምን ይደረግ፣ እታለም። እግዜር ይማርዎት።»

«ዶሮዎቹን አስወጡልኝ» አሉ ወይዘሮ ማንአህሎሽ።

«ሰመመኑ ነው» አለ ደግአረገ ቶሎ ብሎ። «አልለቀቃትም።»

«ይለቃል፣ ይለቃል። እኔንም ሐሞቴን ያወጡኝ ጊዜ ሦስት ቀን ሙሉ ቅኔ ስዘርፍ ነበር አሉ። አንዱም አይገባም።» ባለቤታቸው ሳቁ። ደግአረገም ሳቀ፤ ከሚገባው በላይ ረዘመበት።

ከዚያ መሪጌታ የጸሎት መጽሐፋቸውን ከጋቢያቸው ሥር አወጡና ማንበብ ጀመሩ። ክፍሉ ውስጥ መቆም የሚችል ሁሉ ተነሥቶ ቆመ።

ትርሲትና ዶክተር ናትናኤል ልጁን ሊጠይቁ በሩ ላይ ደረሱ። ያን ቀን ዎርዱ ተረኛ የነበረችው ሲስተር የኔነሽ ከውስጥ በእጇ «ቆዩ» የሚል ምልክት ሰጠቻቸው። ወጣ ብላም «እስኪጨርሱ ጠብቁ» አለች በሹክሹክታ። «እንግዶቹን እኔ በዘዴ አወጣላችኋለሁ። ከዚያ ልጁን ለብቻው ትጠይቁታላችሁ።»

ዶክተሩ ሰዓቱን አየ።

«ስንት ገጽ ይቀራቸዋል?» አለች ትርሲት።

«የሰው ጸሎት ገጽ ይቆጠራል እንዴ?»

ወይዘሮ ማንአህሎሽ ከጸሎቱ በላይ «እሽ» አሉ። እግራቸው ብርድ ልብሱ ሥር ይርገፈገፍ ጀመር፤ የታሠረው እግር ሳይቀር።

ሲስተር የኔነሽ ልክ ነበረች። ይህ ይጻፍ። ጥቂት ቢጠበቅ፣ እንግዶቹ ቢሸኙ፣ ልጁ ለብቻው ቢጠየቅ ምናልባት። ምናልባት የሚለው ቃል ሠንጠረዥ ውስጥ ቦታ የለውም፤ ትርሲትም ታግሣ አታውቅም። ገባች። ከመሪጌታ ፊት ቆመች።

«አባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አንድ ነገር መጠየቅ አለበት።»

መሪጌታ አንብበው የደረሱበት ላይ ጣታቸውን አኖሩ። አልተቆጡም። መጠበቅ ጀመሩ፤ ሁሉም መጠበቅ ጀመረ። ከማዶ አልጋ ያሉት ታካሚ ሳይቀሩ በክርናቸው ተደግፈው ቀና አሉ።

ዶክተር ናትናኤል ተከትሏት ገባ። እንዲህ ሊጠይቅ አልፈለገም፤ ፊቱ ላይ ይታያል። ሌላ ጊዜ ግን አልነበረውም።

«ደግአረገ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። ለሕክምናው ነው፣ ለሌላ ለምንም አይደለም። እናትህ ይጠጣሉ?»

ወይዘሮ ማንአህሎሽ ዶሮዎቹን ተዉ። ምን ሰምተው እንደተመለሱ አይታወቅም፤ ተመልሰው ግን ነበር። ዓይናቸው ጠራ፤ ልጃቸው ላይ ተተከለ።

የመሪጌታ ባለቤት ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ። ሲስተር የኔነሽ ወለሉን አየች።

ትርሲት ያየችው የልጁን አፍ ነው። ሲከፈት አየችው።

ደግአረገ፦





ወደ አልጋው ጎንበስ አለ። የሚንቀጠቀጡትን የእናቱን እጆች አንድ በአንድ ብርድ ልብሱ ሥር ከተታቸው፤ ጠርዙንም ከፍራሹ ሥር ወተፈው። የሸሚዙን እጅጌ አስተካከለ። በመሪጌታና በዶክተሩ መካከል ማንንም ሳይነካ አልፎ ወጣ፤ በሩንም ከኋላው ዘጋው።